13 ነው ወይስ 18?

አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ተዉት) ድረ ገጹ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አወጣ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ ተቀምጧል። ጓደኛዬ በ16 ስትሄድ "አልፏል" ተባለች። ገጹ ሲታይ እውነትም 13 ይላል። እኛ ግን 18 ይል እንደነበር እንምላለን።

"ማስረጃ አለኝ!" ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሾት-ስክሬፐር በምትባል፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ የድረ ገጽ ስክሪንሾት በምታነሳ መሣሪያ ማስታወቂያው በወጣ ዕለት ገጹን አንስቼዋለሁ። አጎላሁት። 3 ይሁን 8 ማን ይለየው? ብዥ ያለ ነጠብጣብ።

መሣሪያዋን የሠራው ሳይመን ዊሊሰን ነው፤ ከጃንጎ ፈጣሪዎች አንዱ። ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ ቤት ስለሆነ ሰውየው ዘመዳችን ነው ማለት ይቻላል። ካልነገራችኋት በ1 ታነሳለች። ጥራት ለፈለገ "ሬቲና" የሚል ማብሪያ ነበራት፤ በ2 ያባዛል፣ አለቀ። (ሬቲና አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይፎን 4 ስክሪን ያወጣው የገበያ ስም ነው። ለጀማሪ ምን ይነግረዋል?) ሞክሬው ፋይሉ ስለከበደኝ ትቼው ነበር።

በኋላ ቁጥሩን ራሳችሁ የምትሞሉበት "ስኬል-ፋክተር" የሚል አማራጭ ተጨመረላት። ፕሮግራመር ወዳጆቼ "እያንዳንዱ አማራጭ ዕዳ ነው፤ ዛሬ ጨምረኸው ዕድሜህን ስታስታምመው ትኖራለህ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

ሒሳቡን እዩት። 1280 በ720 የሆነ ገጽ በ1 ሲነሳ 921,600 ፒክስል ነው። በ2 ሲነሳ 3,686,400፣ በ3 ደግሞ 8,294,400። ሁለት ሲባል አራት እጥፍ፣ ሦስት ሲባል ዘጠኝ! ይህን በየጠዋቱ ለ20 ገጽ አድርጉትና በሞባይል ፓኬጅ ላኩት እስቲ። በ1.5 ግን 2,073,600 ብቻ ነው፤ ለዕለት መዝገብ ይበቃል። የትኛው ገጽ ስንት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ደግሞ ገጹን የሚያነበው ሰው እንጂ መሣሪያውን የሠራው አይደለም።

የፊደላችንም ነገር አለ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው፤ በ እና ቡ ከጎን በወጣች ጭረት። ጽሑፉ ሲደቅ ቀድመው የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

"በኋላ ማጉላት አይቻልም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ማጉላት ያለውን ነጥብ መለጠጥ ነው። አማራጩ ግን ብራውዘሩ ፊደሉን ከመጀመሪያው በብዙ ነጥብ እንዲስለው ያዘዋል። ማስታወቂያው ራሱ በብዥታ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ግን (እንዲህ የሚለጥፉ ቢሮዎች ደግሞ ሞልተዋል) 3ም 5ም አያድነውም።

ጓደኛዬ ሌላ ማስታወቂያ እየጠበቀች ነው። ሌላውን ገጽ ሁሉ በ1.5፣ የዚያን መሥሪያ ቤት ግን በየጠዋቱ በ3 ነው የማነሳው።