ዳይፐሩን ማዳም ትመርጣለች፣ አንቺ ታጥቢያለሽ

ስልኩ የተደወለልኝ ከአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ሐኪሙም እናትየዋም የሚናገሩት ዐረብኛ ነው፤ ሕፃኑን ታቅፋ የመጣችው እህታችን ግን ከአማርኛ ሌላ የምትተማመንበት ቋንቋ ስላልነበራት አስተርጓሚ ፈልገው ነው። የአምስት ሳምንቱ ልጅ መቀመጫው ቀልቷል፣ ቆዳው ተልጧል። ሐኪሙ አየውና «ተሰሉኽ» አለ። ለሐኪም የዘወትር ቃል ነው፤ በዳይፐር ምክንያት የመጣ የቆዳ መላጥ ማለት ነው። እህታችን ግን ቃሉን የምታውቀው ከሌላ ቦታ ነው። በዒድ ሰሞን በጉ የሚወሰድበትን ቄራ «መስለኽ» ሲሉ ሰምታለች፤ ቆዳ የሚገፈፍበት ቦታ መሆኑን ታውቃለች። ገና አፌን ሳልከፍት እያለቀሰች «ንገሪልኝ፣ እኔ ልጁን አልገፈፍኩትም» አለችኝ።

ቃሉን አስረዳኋትና ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። ምን ዓይነት ዳይፐር ነው? የጨርቅ። በምን ይታጠባል? በዱቄት ሳሙና፣ ነጭ እንዲሆን በበረኪና፣ መጨረሻ ላይ ሽታው እንዲያምር በልብስ ማለስለሻ። ማለስለሻውን ማን አዘዘ? እዚህ ላይ እህታችን ዝም አለች። እናትየዋም ዝም አለች። ማለስለሻውን ገዝታ «በደንብ ጨምሪበት» ያለችው እናትየዋ ነበረች፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሐኪሙ መልሱን ሳይጠብቅ «ሁለቱም ይቁም» ብሎ ቅባት ጻፈ፤ ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያ ዝምታ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

የጨርቅ ዳይፐር መጥፎ ነው ልልሽ አይደለም። እኔም አንቺም ያደግነው በጨርቅ ነው። እናቴ ያረጀ ነጠላ ቀዳ፣ አጥፋ፣ በመርፌ ቁልፍ እያስያዘች ነው ያሳደገችን። የባሕረ ሰላጤው አያቶችም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በጨርቅ ነበር፤ ማዳምሽ ለአርባ ቀን እናቷ ቤት ስትታረስ አብረሽ ከሄድሽ ከአሮጊቷ ብዙ ትሰሚያለሽ። ለውጡ ሌላ ነው። ያኔ ጨርቁን የመረጠችውና ያጠበችው አንድ ሴት ነበረች። ዛሬ አንዷ ስልኳ ላይ አይታ ታዝዛለች፣ ሌላዋ ታጥባለች፤ ልጁ ሲላጥ የሚጠየቀው ደግሞ ያጠበችው ብቻ ናት። እኔ የምለው፣ የጨርቅ ዳይፐር እቤት ሲገባ አጠቃቀሙ አብሮ ይወሰን፣ ሲወሰንም አንቺ ባለሽበት ይሁን ነው።

ማዳም ብዙ ጊዜ የምትሰጠው ምክንያት አካባቢን መጠበቅ ነው። ምክንያቱ እውነት አለው፣ ግን እንደ አጠባቡ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሲጠቀምበት ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦን በሚጣለው 550 ኪሎ ገደማ፣ በሚታጠበው 570 ኪሎ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ እኩል ማለት ይቻላል። የጨርቁ የሚቀንሰው ማሽኑ ሞልቶ ሲታጠብ፣ በማድረቂያ ፈንታ ገመድ ላይ ሲደርቅ፣ ለሁለተኛ ልጅም ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ ማዳም በየቀኑ አምስት አምስት ጨርቅ በማሽን አሳጥባ በማድረቂያ የምታስደርቅ ከሆነ የተጠበቀ ነገር የለም። ጸሐይ በነፃ ባለበት አገር!

አሁን ቁጥሩን እንቁጠር። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ለማጠብ ከ20 እስከ 24 ጨርቅ ያስፈልጋል። ማዳም «ለመሞከር» ብላ ስምንት ብቻ ከገዛች በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ ልታጥቢ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ ስንት ነው የተገዛው? በማሽን ነው ወይስ በእጅ? 24 ጨርቅ በእጅ ማጠብ ራሱን የቻለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ምግብና ጽዳት ላይ ተደርቦ የሚሠራ አይደለም።

ስለ ዓይነቱ ከጠየቀችሽ የምትመልሺው ይኑርሽ። ተራው አራት ማዕዘን ጥጥ ታጥፎ ይታሰርና በላዩ ውሃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ይደረጋል። ኪስ ያለው ደግሞ ውስጡ የሚገባ መጣጭ ጨርቅ አለው። ሁሉም በአንድ ላይ የተሰፋም አለ፤ ለመቀየር ቀላል ነው፣ ለመድረቅ ግን ከሁሉም የዘገየ። ለጨቅላ ልጅ እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ በልጁ ልክ ይታጠፋል፣ እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ ከእምብርት በታች ዝቅ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። «ለሁሉም ዕድሜ» ተብሎ የሚሸጠው ለትንሽ ልጅ ጭኑ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ያፈሳል። ማይክሮፋይበር የሚባለውን አንቺ በሚገባ ታውቂዋለሽ፤ መስተዋት የምትወለውዪበት ጨርቅ ነው። ከመስተዋቱ ላይ ውሃውን እንዴት እንደሚመጥ አይተሻል፤ የልጅ ቆዳ ላይ በቀጥታ ከዋለ እርጥበቱን እንዲሁ መጥጦ ያደርቀዋል። ኪስ ውስጥ ይግባ እንጂ ቆዳ አይንካ።

አዲስ የጥጥ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲመጣ የተፈጥሮ ቅባት ስላለው ውሃ አይቀበልም። ልጁ ከመወለዱ በፊት ሦስት አራት ጊዜ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካካ ደግሞ እንደ ሬንጅ ጥቁርና ተለጣፊ ነው፤ ለእነዚያ ቀናት የሚጣለውን ተጠቀሙ። ለሌሊትም እንዲሁ። ይህን ከማዳም ጋር ለመስማማት «ቢለይል ሐፋዛ ዓዲያ» ማለት ይበቃል፤ ማታ ተራውን ዳይፐር ማለት ነው። («ሐፋዛ» የመጣው ጠበቀ፣ አኖረ ከሚለው ሥር ነው፤ የገንዘብ ቦርሳን «መሕፈዛ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። ሱቅ ላይ ፊደሉ ተለውጦ «ሐፋዳ» ተብሎ ብታዪው ያው ነው፣ አትደናገሪ።)

አጠባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነውና። በብዙ ቤት ማዳም ወይም እናቷ «ነጃሳ ነው፣ ማሽናችን ውስጥ አይገባም» ይላሉ። ለሚሰግድ ሰው ከባድ ጉዳይ ነው፣ አትናቂው። መፍትሔው ግን ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሸጣፋው። ጨርቁን ከመጸዳጃው በላይ ይዘሽ በሸጣፋው ቀዝቃዛ ውሃ አጥብቀሽ እጠቢው፣ ካካው ወደ መጸዳጃው ይውረድ። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው እድፉ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ማሽን ውስጥም መጀመሪያ በቀዝቃዛ ይለቅለቅ፣ ቀጥሎ በ60 ዲግሪ በሳሙና፣ መጨረሻ ሌላ ማለቅለቂያ ይጨመርለት፤ ሳሙና ጨርቁ ውስጥ መቅረት የለበትም። ሳይታጠብ የሚጠብቀውን ክዳን ባለው ደረቅ ባልዲ አስቀምጪው። ውሃ የተሞላ ባልዲ በሚድኽ ልጅ ባለበት ቤት አደገኛ ነው፤ ትንሽ ልጅ በጥቂት ውሃ ይሰምጣል።

ማለስለሻ ክሩን ስለሚሸፍነው ጨርቁ ሽንት መምጠጥ ያቆማል። ሽንቱ ቆዳው ላይ ያድራል። የክሊኒኩ ልጅ ላይ የሆነው አንዱ ይህ ነው። «ቢዱን ሙነዒም» በይ፣ ያለ ማለስለሻ። ማዳም ጥሩ ሽታ ካማራት የራሷን አባያ ታሽትበት።

ወደ በረኪናው ልምጣ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ያደረ ሽንት አሞኒያ ይፈጥራል፤ ያ ነው አፍንጫሽን የሚወጋው። ክሎርክስ ወይም ሌላ በረኪና ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ ስትደፊ ሁለቱ ተገናኝተው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግተሽ ባልዲ ላይ አጎንብሰሽ ስትሠሪ ዓይንሽን ካቃጠለሽ፣ ካሳለሽ፣ ደረትሽ ከተያዘ «ትንሽ ታገሺ» የሚባል ነገር የለም። ሁሉንም ትተሽ ውጪ፣ በሩን ክፈቺው፣ ንጹሕ አየር ፈልጊ። ትንፋሽሽ ካልተመለሰ አምቡላንስ ጥሪ ወይም አስጠሪ፤ ኤምሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999 ነው። ለመንጣት በረኪና አያስፈልግም። እርጥቡን ጨርቅ ጣሪያ ላይ ጸሐይ ላይ አስጭው፣ እድፉን ጸሐይዋ ታነጣዋለች። ውሃ የማያሳልፈውን መሸፈኛ ግን ጥላ ላይ ስቀይው፤ ኃይለኛ ሙቀት ያበላሸዋል። አቧራ በሚነፍስበት ቀን ምንም ውጭ አይሰጣ።

የጨርቁ አንድ ጥቅም ብዙ ሰው አይናገረውም። ፓምፐርስ እርጥበቱን ስለሚደብቅ ልጁ መሽናቱንም አለመሽናቱንም ለማወቅ ያስቸግራል። ጨርቅ ወዲያው ይነግርሻል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ልጅ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ማርጠብ አለበት። ከዚያ ካነሰ ወተት እየደረሰው ላይሆን ይችላል፤ ለእናቱ በዚያው ሰዓት ንገሪ። በዚያ ቤት ይህን ቀድማ የምታውቅ አንቺ ነሽ።

መቅላት ስታዪም እንዲሁ። ሽሽግ ማድረግ ይመጣል፣ አውቃለሁ፤ «እኔን ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ነው። ግን የተደበቀ መቅላት በሦስተኛው ቀን ቁስል ይሆናል፣ ያኔ በእርግጥ አንቺን ይላሉ። «ማዳም፣ ሹፊ፣ ፊ ኢሕምራር» በይ፤ መቅላት አለ፣ እዪ ማለት ነው። ቤት ከሌለች እሷ ፈቅዳ ከሆነ ፎቶውን ለእሷ ብቻ ላኪ፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። መቀመጫውን በውሃ ብቻ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ዳይፐር አየር ይንካው። ደማቅ ቀይ ሆኖ በቆዳው እጥፋት ውስጥ ከገባና ዳር ዳሩ ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ቅባት ሲቀባ ጨርቁን እንዳይደፍነው በመሐል ስስ ጨርቅ ይደረግ።

ሰዓቱንም እንዳትረሺ፤ የዳይፐር አጠባ የሥራ ሰዓት ነው። ሁሉም ተኝቶ ማታ አምስት ሰዓት ላይ የምታለቀልቂውም ሥራ ነው። ኩዌት በሕግ ቁጥር 68/2015 የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ደንግጋለች፤ ኳታር በሕግ ቁጥር 15/2017 ሌላ ስምምነት ከሌለ ከ10 ሰዓት አያልፍም ብላለች። ኤምሬትስ ውስጥ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ሳይቆራረጥ ይገባሻል። ጨቅላ ልጅ ባለበት ቤት ይህ በወረቀት እንዳለው እንደማይሆን አውቃለሁ። ሆኖም ማዳም «ጨርቅ እንጀምር» ስትል «እሺ፣ ያን ቀን ግን ብረት ምሰሶውና መስኮቱ ይቅር» ለማለት መነሻ ይሆንሻል። በቁጣ ሳይሆን በቁጥር ንገሪያት፤ 24 ጨርቅ፣ ይህን ያህል ሰዓት። እንዲህ ተነጋግረው የተስማሙ አውቃለሁ፤ ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ ፓምፐርስ፣ ማጠቢያው አንድ ቀን እያለፈ።

አገር ቤት የወለደች እህት ወይም ሕፃን ልጅ ያለሽ ደግሞ፣ ካርጎ ሲዘጋጅ ሁለት ካርቶን ፓምፐርስ አሽገሽ ለቦታው የምትከፍዪውን አስቢው። በሁለት ወር ያልቃል። በእሱ ፈንታ ስድስት ውሃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ላኪላት፤ ቀላል ነው፣ ከልብስ መሐል ይገባል። መጣጩን ጥጥ እዚያው ከአሮጌ ነጠላ ቀዳ ታጥፈዋለች፣ ከእኛ የተሻለ ታውቅበታለች። ማለስለሻ እንዳትጨምርበት ብቻ በስልክ ንገሪያት።