የድራም መቺ ሙያ በጩኸቱ አይመዘን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ጃዝ ሙዚቃ፥ ይልቁንም ስለ ትልልቆቹ የአሜሪካ ጃዝ ባንዶች ድራም መቺዎች ያለኝን አስተያየት በዚህ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ብዙ ሰው ድራም መቺን የሚያደንቀው ሌሎቹ ተጫዋቾች ዝም ብለው እሱ ብቻውን ሲመታ ነው። እጁ የፈጠነ፥ ላቡ የፈሰሰ፥ ዱላውን ወደ ላይ ወርውሮ የቀለበ እንደ ሆነ ጭብጨባው ይቀልጣል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ግን፥ ባንዱ በሙሉ በሚጫወትበት ረጅም ጊዜ፥ ሰውየው ምን ሲሠራ እንደ ቆየ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን የድራም መቺ ዋና ሙያው የሚታወቀው ልብ በማንለው በዚያ ጊዜ ነው እላለሁ። የዚያም ሙያ ስሙ ስዊንግ ይባላል።

ስዊንግ ምንድን ነው? በኖታው ላይ ሁለት እኩል ድምፆች ተጽፈው ይገኛሉ። የጃዝ ሰው ሲጫወታቸው ግን የፊተኛውን አስረዝሞ የኋለኛውን ያሳጥረዋል። ይህ ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ወይም «ጊዜው አልደረሰም» ማለታችን ፊደሉ አይነግረንም፤ ማጥበቁና ማላላቱ ከአንባቢው አፍ ይጠበቃል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ ለይቶ እያነበበ ቃሉን ሊያበላሸው ይችላል። ኖታውን ሳያጎድል ተጫውቶ ስዊንጉን የሳተ ባንድም እንዲሁ ነው።

የማስረዘሙ መጠንም ቢሆን አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚያዝ አይደለም። በ2002 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት የታወቁ ድራም መቺዎችን የሲምባል ምት ለክቶ እንዳሳየው፥ ሙዚቃው ዝግ ሲል ረጅሙ ድምፅ ከአጭሩ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ሙዚቃው እየፈጠነ ሲሄድ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣና በመጨረሻ ሁለቱ እኩል ወደ መሆን ይቃረባሉ። እንግዲህ መቺው በየፍጥነቱ ትክክለኛውን መጠን በጆሮው ማግኘት አለበት።

ይህንንም የሚያደርገው ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን በየፊናቸው አሠማርቶ ነው። ቀኝ እጁ በሲምባሉ ላይ ረጅሙንና አጭሩን ምት ያስኬዳል። ግራ እግሩ ሃይ ሃት የሚባሉትን ጥንድ ሲምባሎች በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ያጋጥማል። ቀኝ እግሩ ትልቁን ከበሮ፥ የሚሰማ እስከማይመስል ድረስ በቀስታ ይነካል። ግራ እጁ ደግሞ ትራምፔቶቹና ትሮምቦኖቹ ሊገቡ ሲሉ «ተዘጋጁ» እንደ ማለት አንድ ሁለት ጊዜ ጠቆም ያደርጋል። ፊቱ የተቀመጡት አሥራ አምስት ያህል ተጫዋቾች አንድ ላይ የሚገቡትና አንድ ላይ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ድራም መቺ እንደ ሰጋር በቅሎ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሳይንገጫገጭ መንገዱ ያልቅለታል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ቺክ ዌብን እንውሰድ። ይህ የባልቲሞር ተወላጅ በልጅነቱ የቲቢ በሽታ አከርካሪውን ጎድቶት ቁመቱ ያጠረ፥ ጀርባው የጎበጠ ሰው ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ በሃርለም ሠፈር ሳቮይ በሚባለው የዳንስ አዳራሽ የራሱን ባንድ ከድራሙ ኋላ ተቀምጦ ይመራ ነበር። በግንቦት 1937 በዘመኑ ስሙ ከሁሉ የገነነው የቤኒ ጉድማን ባንድ ከእነ ዝነኛው ድራም መቺው ከጂን ክሩፓ ጋር ለውድድር ወደዚያ መጣ። ዳኛው የሚደንሰው ሕዝብ ነበር፤ እግር ደግሞ አያዳላም። ቺክ ዌብ አሸነፈ፤ ክሩፓም መሸነፉን ራሱ ከማመኑም በላይ ዕድሜውን ሁሉ ሲያመሰግነው ኖረ። ቺክ ዌብ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1939 ሞተ።

ሁለተኛው ከካውንት ቤሲ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረው ጆ ጆንስ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት መቺዎች አብዛኞቹ ጊዜውን የሚቆጥሩት ትልቁን ከበሮ በእግራቸው እየደበደቡ ነበር። ጆ ጆንስ ሸክሙን ከከበሮው አንሥቶ ወደ ሃይ ሃቱ አዛወረው፤ ሲምባሎቹን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሲያስኬዳቸው የባንዱ ድምፅ ቀለለ፥ አየርም አገኘ። ከ1937 ጀምሮ ዋልተር ፔጅ በቤዝ፥ ፍሬዲ ግሪን በጊታር፥ ቤሲ ራሱ በፒያኖ፥ ጆ ጆንስ በድራም ሆነው አራቱ እንደ አንድ ሰው ይተነፍሱ ነበር። እርስ በርሳቸው ስለሚደማመጡም አንዳቸው የሌላውን ድምፅ አይጋርዱም ነበር።

በሐምሌ 1956 ደግሞ በኒውፖርት የጃዝ በዓል የዱክ ኤሊንግተን ባንድ ሲጫወት፥ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቭስ ያለማቋረጥ ሃያ ሰባት ዙር ተጫወተ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይነሣል። ዳሩ ግን ያን ሁሉ ዙር ሳይደክምና ሳይፈጥን ከሥር ተሸክሞ የወሰደውን ድራም መቺውን ሳም ዉድያርድን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በዚያ ምሽት ጆ ጆንስ ከመድረኩ አጠገብ ቆሞ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን እየመታ ያበረታታቸው እንደ ነበር ይነገራል። የሙያውን ዋጋ የሚያውቀው ባለሙያ ነውና!

ስዊንግ ማለት ፍጥነት የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የቤሲ ባንድ በ1957 የቀዳውን የኒል ሄፍቲን ድርሰት «ሊል ዳርሊን» ያድምጥ። ደራሲው ፈጠን ብሎ እንዲሄድ አስቦት ነበር፤ ቤሲ ግን እጅግ ዝግ አደረገው። በዚህ ዓይነት ዝግታ ምቱን ሳይጥሉ መሄድ ከመሮጥ ይከብዳል፤ ሰኒ ፔይን ግን ሳይደናቀፍ ተወጥቶታል። እንደዚሁም ሜል ሉዊስ ከ1966 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ማታ በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ ትልቁን ባንድ ሲያስኬድ፥ የሚታወቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመምታቱ ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 1990 ድረስ ጉልበቱን ሊያሳይ አልፈለገም፤ ባንዱ ግን ጉልበት አላነሰውም።

ይህን ስል ብቻ መምታትን መንቀፌ አይደለም። በእጁ ፍጥነት ተወዳዳሪ ያልነበረው ባዲ ሪች ባንዱን ሲያጅብም ስዊንጉ የተመሰከረለት ነው። የምነቅፈው የኛን የአድማጮችን ሚዛን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራው የሚታወሰው ፋይሉ የጠፋ ዕለት ነው፤ ፋይሉ በየቀኑ ሲገኝ ግን ማን እንዳስገኘው አይጠየቅም። በድራም መቺውም ላይ የምንፈርደው እንደዚሁ ነው።

የዚህም ፍርድ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በእኛም አገር በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ከእነ ሙሉ የነፋስ መሣሪያዎቻቸው ነበሩ። ዱክ ኤሊንግተንም በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ተሸልሟል። በኋላ ግን በብዙ መድረክ ላይ የድራም መቺውን ቦታ ኪቦርድ ያዘው። ኪቦርዱ ምቱን አይስትም፤ ነገር ግን ዘፋኙ ሲተነፍስ አይጠብቀውም፥ ሳክስፎኑ ሲነሣሣም አብሮት አይነሣም። አድማጩ ምት መቁጠርንና ማስኬድን ለይቶ ካላወቀ፥ ሰውየው ቢቀር ምን እንደ ጎደለበት አያውቅም፤ ያላወቀውንም ሊጠይቅ አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሬድዮ ጣቢያዎቻችን ሙዚቃ ሲያሰሙ ከዘፋኙ ስም ጋር የድራም መቺውንም ስም ቢነግሩን፥ ለባለሙያው ክብር፥ ለአድማጩም ትምህርት ይሆናል። ሁለተኛ፥ አንባቢያን ከሥራ በኋላ አንድ የቤሲን ወይም የኤሊንግተንን ሙዚቃ ሁለት ጊዜ እንዲያደምጡ እለምናለሁ፤ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው፥ ቀጥሎ ግን ዜማውን ትተው ሲምባሉን ብቻ እየተከተሉ። በሁለተኛው ጊዜ እግራቸውን ያነሣሣው ማን እንደ ሆነ ራሳቸው ያገኙታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ