ግራኙን በቀኙ አታስተኩሱት

በደቡብ ኦሞ፣ ከዲመካ እስከ ጂንካ፣ ጠመንጃ በሚያዝበት ሁሉ ማንም የማይጠይቀው ደንብ አለ፦ ጠመንጃ የሚተኮሰው በቀኝ ትከሻ ነው። ግራኝ ሰው ሲመጣ ከአባትም፣ ከአሠልጣኝም፣ ከባልንጀራም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ትለምደዋለህ»። ይህ መልስ ስህተት ነው። ስህተቱ ግራኙን ቅር ከማሰኘት አልፎ ጥይቱ የት እንደሚያርፍና የቆሰለ እንስሳ ስንት ሰዓት እንደሚሰቃይ ይወስናል። አንዳንዴም ተኳሹ ወደ ቤቱ መመለስ አለመመለሱን ይወስናል።

ከብረቱ ልጀምር። በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ መቀባበያው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ሰደፉን በቀኝ ትከሻው ደግፎ፣ ጉንጩን አሳርፎ ይተኩሳል። ከተኮሰ በኋላ ግራ እጁ ጠመንጃውን እንደደገፈ፣ ዓይኑም ከዒላማው ሳይነሣ፣ ቀኝ እጁ መቀባበያውን አንሥቶ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ ወደ ፊት ሲመልሰው ሌላ ጥይት ይጎርሳል። የለመደ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ግራኙ ያንኑ ጠመንጃ በግራ ትከሻው ሲይዝ ግን ቃታውን የሚስበው ግራ እጁ ሲሆን መቀባበያው በወዲያኛው ጎን ይቀራል። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ግራ እጁን በጠመንጃው አናት ላይ አሻግሮ ካቀባበለ ክንዱ ማነጣጠሪያውን ይጋርደዋል፤ ጉንጩም ከሰደፉ ይነሣል። ከፊት የሚደግፈውን ቀኝ እጁን ለቅቆ ካቀባበለ ደግሞ አፈሙዙ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። በሁለቱም መንገድ ዒላማውን አጥቶ እንደገና መፈለግ አለበት። የመጀመሪያው ጥይት ልብ ወይም ሳንባ ካገኘ ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም። ካላገኘ ግን፣ በጥሻ ውስጥ የቆሰለ ጎሽ ፊቱን ወደ ተኳሹ ሲያዞር፣ ሁለተኛውን ጥይት ለማጉረስ የሚጠፋው ጊዜ የሕይወት ዋጋ አለው።

ሌላም አለ። ቀለህ የሚወጣበት ክፍት በቀኝ ጎን ነው። በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው ፊት ከሰደፉ በስተግራ ስለሚያርፍ ከዚህ ክፍት ይርቃል። የግራኙ ፊት ግን የሚያርፈው በስተቀኝ፣ ክፍቱ ባለበት ጎን ነው። በደህና ቀን አይታወቅም። ያረጀ ጥይት ቀለህ ሲቀደድ ግን የሚያመልጠው ጋዝና ፍንጣሪ ለማን ዓይን እንደሚቀርብ ግልጽ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ያረጀ ጠመንጃና ያረጀ ጥይት ብርቅ አይደለም።

ይህን ስናገር የሚመጣልኝ የመጀመሪያ ተቃውሞ «እንግዲያውስ በቀኝ ትከሻው ይተኩስ፤ ነገሩ ያልቃል» የሚል ነው። አያልቅም፤ ምክንያቱም ሰው የሚተኩሰው በእጁ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ዓይኖቻችን አንዱ አውራ ነው፤ አንጎላችን አቅጣጫ ሲለካ የሚያምነው እሱን ነው። ከሦስት ሰዎች የሁለቱ ያህል አውራ ዓይናቸው ቀኙ ነው፤ የብዙዎቹ ቀሪዎች ግራው ነው። ግራኞች ዘንድ የግራ ዓይን አውራነት ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰደፉን በቀኝ ትከሻው እንዲደግፍ ስታስገድዱት፣ አንጎሉ በማያምነው ዓይን እንዲያነጣጥር ነው የምታስገድዱት። አውራ ዓይኑን ካልጨፈነ በቀር መስመሩ ይዛነፍበታል፤ ከጨፈነው ደግሞ ከጎኑ የሚመጣውን አያይም። ከዚያ ዒላማ ሲስት «ዓይኑ ደካማ ነው» ወይም «ፈሪ ነው» ይባላል። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ፍርድ ተሸማቆ ከአደንም ከጥበቃም ሥራ እንደራቀ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እጁም ዓይኑም ሁልጊዜ አንድ ወገን አይሆኑም። ቀኝ እጁ እየቀናው አውራ ዓይኑ ግራ የሆነ ሰው አለ፤ ግራኝ ሆኖ በቀኝ ዓይኑ የሚያነጣጥርም አለ። ይህኛው ግራኝ በቀኝ ትከሻው ቢተኩስ ይጠቀም ይሆናል። ስለዚህ ግራኝ ሁሉ በግራ ይተኩስ አልልም። የምለው ሰውየው ይመርመር ነው፤ ምርመራውም ሐኪም አይፈልግም። ሰልጣኙ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይተው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ግራር ይመልከት፤ ከዚያ ዛፉን ከዓይኑ ሳይለቅ እጆቹን ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ያምጣ። ቀዳዳው የሚያርፍበት ዓይን አውራው ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን አይደረግም? መልሱ ከጠመንጃው ይቀድማል። ልጅ በግራው ሲጎርስ እጁን እንመታዋለን፤ በግራው ዕቃ ሲያቀብል «ነውር ነው» እንለዋለን። እኔ ግራኝ ነኝ። ፊደል ስቆጥር እርሳሱን ከግራ እጄ ወስዶ በቀኜ ያስያዘኝን መምህር አልረሳውም። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያርመኝ ነበር። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። ማዕድ የጋራ ነውና በቀኝ መጉረስን የአብሮ መኖር ወግ ብዬ እቀበለዋለሁ። መጻፍ፣ መጥረብ፣ ማነጣጠር ግን ችሎታ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው፤ የማዕድ ወግ አይገዛቸውም። በዓለም ላይ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ነው። ዲመካ ቅዳሜ ገበያ ቆማችሁ ቦርኮቶ የሚባለውን በርጩማቸውን ይዘው የሚያልፉትን ሐመሮች፣ በናዎችና ጸማዮች ብትመለከቱ፣ ብዙ ግራኝ ሰው በመካከላቸው እንዳለ አትጠራጠሩ። 

ግራኝነትን ድክመት አድርጎ የሚያይ ሰው መጽሐፈ መሳፍንትን ይግለጥ። እስራኤልን ከሞዓብ ንጉሥ ያዳነው ብንያማዊው ናዖድ ግራኝ ነበር። በምዕራፍ 20 ደግሞ ጠጉር እንኳ ሳይስቱ ድንጋይ የሚወነጭፉ 700 የተመረጡ ግራኞች ተጽፈዋል። የጥንት የጦር አለቆች የእነዚህን ሰዎች ግራ እጅ ለማረም አልደከሙም፤ ለይተው አሰለፏቸው። በእኛም ታሪክ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያንቀጠቀጡት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በግራኝነታቸው ይታወቃሉ። ስለ እሳቸው የሚከራከር ሁሉ ይከራከራል፤ ግራ እጃቸው በጦር ሜዳ አደከማቸው የሚል ግን የለም።

ጦርና ወንጭፍ ቀኝና ግራ የላቸውም። ቀኝና ግራ የመጣው በፋብሪካ ከተሠራው ጠመንጃ ጋር ነው። የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ለብዙኃኑ ብለው መቀባበያውን በቀኝ አደረጉት፤ እኛም የገዛነውንና የማረክነውን ወረስን። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ሞዘር፣ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ በየቦታው የቀረው የጣሊያን ካርካኖም ጭምር፣ ሁሉም መቀባበያቸው በቀኝ ነው። በደቡብ ኦሞ ጠመንጃ በከብት ይለወጥ ነበር። ከብቱን የሰጠ ግራኝ ያገኘውን ተቀበለ እንጂ የሚመርጠው አልነበረውም። ከዚያ ክላሽ መጣና ብዙ ሰው ጉዳዩ የተዘጋ መሰለው። በእርግጥ ክላሽ በየጥይቱ ማቀባበል ስለማይፈልግ ለግራኙ ከምንሽር ይሻለዋል፤ መቀባበያውንም በነጻው ቀኝ እጁ ሊስበው ይችላል። ነገር ግን መጠበቂያው በቀኝ ጎን ነው፤ ትኩስ ቀለህም የሚወጣው ፊቱ ባለበት ጎን ነው።

«ሠራዊት ሁሉ በቀኝ ያስተኩሳል» የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ አላቃልለውም። ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያና መለዋወጫ ማቅረብ ግድ ሲሆን የጥቂቶች ምቾት ይሠዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታጠቀችው ኤስኤ80 ቀለሁን ጉንጭ አጠገብ ስለሚያስወጣ በግራ ትከሻ አይተኮስም፤ ግራኝ ወታደሮቿ በቀኝ መማር አለባቸው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብላ ግን ኦስትሪያ ጥቂት ክፍል ተቀይሮለት ቀለሁን በግራ የሚያስወጣ ኤዩጂ የተባለ ጠመንጃ ሠርታ ለሠራዊቷ አስታጥቃለች። ስለዚህ ለጦር ሠራዊትም ቢሆን የማይቀር ዕጣ አልነበረም። ከዚህ በላይ ግን አዳኝ ሠራዊት አይደለም። በሙሩሌ የአደን ቀጠና ፈቃድ ይዞ የሚያድን ሰው ከመሪው ጋር ነው፤ በጥሻው ውስጥ ከማንም ጋር አልተሰለፈም።

ለአዳኝ ደግሞ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። የአሜሪካው ሳቬጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሞዴል 110ን መቀባበያው በግራ ሆኖ አወጣው። ዛሬ የፊንላንዱ ቲካ፣ የአሜሪካው ሩገር፣ የጀርመኑ ብሌዘር የግራ ጠመንጃ ያመርታሉ። ችግሩ አይነቱ ጥቂት፣ የጥይቱ ልክ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ግራኞች እንኳ የሚፈልጉትን ለማግኘት ብዙ ይጠብቃሉ። እንደኛ ባለ፣ ሱቅ ገብቶ ጠመንጃ መርጦ መግዛት በሌለበት አገር ለአንድ ሰው ብቻውን ይህ የማይሞከር ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድ ያሰረውም ተገቢ ምክንያት ስላለው ነው። የሕጉን ጥብቅነት አልቃወምም። ነገር ግን በሕግ ፈቃድ አግኝተው ለእንግዶቻቸውና ለመሪዎቻቸው ጠመንጃ የሚያዘጋጁ የአደን ድርጅቶች አሉ። እነሱ ከሚያስገቡት መካከል አንዱ የግራ ቢሆን ሕግም አይጣስም፣ ገንዘብም ከስሮ አይቀርም። ያ እንኳ ቢቀር ለሁለቱም እጅ የሚሆን አሠራር አለ። ከመሐል ተሰብሮ የሚጎርሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ የጎን መቀባበያ የለውም፤ ለጎሽና ለመሰል አደገኛ እንስሳ ከሚመረጡት አንዱም ይኸው ነው። ሰደፉ ወደ ቀኝ ያልታጠፈውን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ከቃታው ሥር ባለ ዘንግ የሚቀባበለው የዊንቸስተር ዓይነትም ለሁለቱም ወገን እኩል ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ግልጽ ልመና አለኝ። የአደን ድርጅቶች፣ ከእንግዳችሁ ወይም ከመሪያችሁ መካከል ግራኝ ሲገኝ «ይህን ያዝ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት፤ በሚቀጥለው ግዢያችሁም አንድ የግራ ጠመንጃ ጨምሩ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ሕይወታቸውን ለዝሆንና ለጎሽ ጥበቃ የሰጡ ስካውቶች የሚተኩሱበት ትከሻ በአሠልጣኝ ልማድ ሳይሆን በአውራ ዓይናቸው እንዲወሰን በሥልጠና መመሪያችሁ ይጻፍ። ወላጆችና መምህራን፣ በግራው እርሳስ የያዘውን ልጅ ተዉት፤ ይጻፍበት። የዓይን ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አያስወጣም፤ ከሚቀጥለው ሥልጠና ይጀመር።