ባዶ የሚመስለው ምድር

ከቡልጋሪያ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ፣ ካፌ ገብቶ ግድግዳውን ቀና ብሎ ያየ ሰው የድሮዋን አዲስ አበባ ፎቶ ብዙ ጊዜ አያጣም፤ ከኮረብታ የተነሳ፣ ሜዳው የተንጣለለ፣ ሰው የማይታይበት። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ «ድሮና ዘንድሮ» እያሉ ፎቶ ማስተያየት ተለምዷል። ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ ይነሳና «ፎቶ አይዋሽም» ይላል።

ይዋሻል። የመልክዓ ምድር ፎቶ ደግሞ ውሸት የለመደው ከልጅነቱ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፎቶ የሚነሳው ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስታወት ላይ ነበር፤ መስታወቱ ሳይደርቅ እዚያው ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ብርሃን ለመቀበል ሰከንዶች ስለሚፈጅ የሚራመድ ሰውና የሚነዳ ከብት ወይ ጭጋግ ይሆናል፣ ወይ ጭራሹን ይጠፋል። ሰማዩም ነጥቶ ባዶ ይቀራል፤ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬይ ባሕሩን ከአንድ መስታወት፣ ደመናውን ከሌላ አምጥቶ ያጋጥም የነበረው ለዚህ ነው። ጸጥታ የመሰለን ነገር ከፊሉ የኬሚካል ሥራ ነው።

ከፊሉ ደግሞ ፎቶ አንሺውን የላከው ሰው ሥራ ነው። ከአገራችን ቀደምት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሱት በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ የተከተሉት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ናቸው። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በካሜራ ማባዛት ነበር፤ መቅደላንም ያነሱት በዚያው እጃቸው ነው። ያንን ፎቶ «የጥንቷ ኢትዮጵያ ውበት» ብለን ስንለጥፍ የአምባው መዘረፍና መቃጠል ይዘነጋናል።

በሌላም አገር እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ካርልተን ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1861 ያነሳቸው የዮሰሚቲ ሸለቆ ፎቶዎች ሠዓሊው አልበርት ቢርሽታትን ወደዚያው ስበውታል፤ በ1864 ሊንከን ለፈረመው የሸለቆው ጥበቃ ሕግም አግዘዋል። መልካም ነው። ካሜራው ከመተከሉ 10 ዓመት አስቀድሞ ግን የታጠቁ ሰዎች ነባሮቹን ነዋሪዎች ከሸለቆው አሳደው አስወጥተዋል። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የተባለው ከዚያ በኋላ የቀረው ነው።

በድሮ ፎቶ የሚታየው የእኛም ራቁት ኮረብታ እንዲሁ ታሪክ አለው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታስቦ ነበር፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ በአንዱ ፎቶ የሚታየው ባዶነት የመጥረቢያ ውጤት፣ በሌላው የሚታየው ደን የሰው ተክል ነው። ሁለቱንም «ድሮ ተፈጥሮው እንዲህ ነበር» ብሎ ማቅረብ ስንፍና ነው።

ዛሬ ፎቶ ይነሳበት የነበረውን የኮረብታ ቦታ በራሪው ካሜራ፣ ድሮን፣ ወስዶታል። ከላይ ሲታይ ካዛንቺስ የዛገ ቆርቆሮ ነበር፤ ከቆርቆሮው ሥር የነበረው ዕድር፣ ጉልትና የጎረቤት ቡና ለድሮን አይታይም። «ከነበረው ይሄ አይሻልም?» ለሚል ሰው ከዚህ የተመቸ ፎቶ የለም። የድሮም ሆነ የዘንድሮ ፎቶ የሚለጥፍ ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለማን ብሎ እንዳነሳው አብሮ ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ ግድግዳ ያስጌጥ እንጂ ለክርክር ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ።