ሰማይ እምቢ ያለ ለት
ግላይደር ያለ ሞተር የሚበር አውሮፕላን ነው፤ ነዳጁ ፀሐይ ናት። አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ የሞቀው አየር ይነሳል፣ አብራሪውም በእሱ ላይ እየተሽከረከረ ከፍታ ያጠራቅምና በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ፀሐይ ካልወጣችስ? እንደ ፖላንዷ ሌሽኖ ያሉ፣ የዓለም የግላይደር ሻምፒዮናን እ.ኤ.አ. በ1958፣ በ1968፣ በ2003 እና በ2014 ያስተናገዱ ስመ ጥር ሜዳዎችም ከዝናብ አያመልጡም። በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ደመናው ዝቅ ብሎ ሲደፋ፣ ግላይደሮቹ ሳሩ ላይ ተሰልፈው ረጅም ክንፋቸው ውኃ ያንጠባጥባል፤ አብራሪዎቹ ጃንጥላ ሥር ሆነው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ መነሻው ግማሽ ሰዓት ይገፋል፣ አሁንም ግማሽ ሰዓት። ያኔ ነው ጉምጉምታው የሚጀምረው፦ «መሪው ሳይበር ዋንጫ ሊወስድ ነው!» ይህ ቅሬታ ለእኔ አይዋጥልኝም። የአንድ ቀን አሸናፊ ቢበዛ 1,000 ነጥብ ያገኛል፣ ዋንጫው ደግሞ የቀናቱ ድምር ነው፤ መሪው ላቡን ቀድሞ አፍስሷል። በጥቂት ነጥብ ለሚከተለው ነገሩ ማንገብገቡ አይቀርም፣ አልክድም። ቢሆንም የረጠበ ክንፍ ተሸክሞ የሚያነሳ አየር በሌለበት መውጣት ውድድር ሳይሆን ዕጣ ነው፤ ከግማሽ በላዩ አብራሪ የገበሬ ማሳ ላይ አርፎ፣ ጭቃ ውስጥ ተጎታች መኪና ሲጠብቅ ይመሽበታል። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው ቢኖር፣ ሬዲዮውን አንስቶ «ዛሬ በረራ የለም» ያለው የውድድሩ ዳይሬክተር ነው።