ሰላምታና ኪሳራ

ኢኮኖሚክስ ተምሬ በተመረቅኩ ማግስት፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ነገሌ ቦረና አጎቴ ሱቅ ሦስት ወር ሠርቻለሁ። የምንሸጠው ጀሪካን፣ ገመድ፣ ሸራ፣ አካፋ ነው። ደንበኛው ቦረናም ጉጂም ሶማሌም ነው፤ ከመሃል አገር የመጣም አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የቦረና ሽማግሌ ገቡና ሰላምታ ጀመሩ። ቤተሰቡ ሰላም ነው? ከብቱስ? ወረፋ ስለነበር "ምን ልስጥዎት?" ብዬ አቋረጥኳቸው። ዝም ብለው ወጡ፤ ገመዱን ከጎረቤት ገዙ። አጎቴ አልተቆጣም። "ሊነግሩህ የነበረው እኮ የዝናቡን ነገር ነው፤ ስንት ጀሪካን እንደማስመጣ የማውቀው በዚያ ነው" አለኝ።

ሁለት ሠራተኞች ነበሩን፤ አንድ የጉጂ ልጅና አንዲት ሶማሌ። ጠዋት ጠዋት በአማርኛ ትእዛዝ እደረድራለሁ፣ "እሺ" ይላሉ። የተስማሙ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን 12 ጀሪካን የሚያፈስ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ዕቃው ሲራገፍ አይታለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት "ባለፈው ስናገር ሰው ፊት ጮህክብኝ" አለች። ይህን ኪሳራ መዝገቡ ላይ በምን ስም ላስፍረው?

ለጥቃቅንና አነስተኛ ንግዶች የሚሰጠው ሥልጠና በሒሳብ አያያዝና በዕቅድ ላይ ያተኩራል። ይጠቅማል፤ ግን እንዲህ ያለውን ሱቅ መምራት አያስተምርም። ምሳሌው እዚያው ቦረና አለ። በቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያስተባብረው አባ ሄሬጋ ይባላል። ደንብ ሲጣስ ግን ብቻውን አይፈርድም፤ ጉዳዩን የጉድጓዱ ሸንጎ ያየዋል። (ሸንጎው የወንዶች መሆኑን ሳልረሳ ነው።)

ብዙ ባለሱቆች የራሳቸውን ሰው ብቻ ይቀጥራሉ። አልፈርድባቸውም። በ2010 ዓ.ም. የኦሮሚያና የሶማሌ ወሰን ግጭት በነካው አካባቢ መተማመን ውድ ነው። ሒሳቡን ግን እንሥራው፦ ሶማሊኛ የሚናገር የሌለበት ሱቅ ባለግመሉን ደንበኛ ለጎረቤት አሳልፎ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ያንን ደንበኛ ይዛ የቆየችው እኔ የጮህኩባት ልጅ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ማታ ሱቅ ስንዘጋ ሻይ ይዘን መቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ እሷ ትናገራለች፣ ቀጥሎ ልጁ፣ እኔ መጨረሻ። ሽማግሌው ግን እኔ እስክሄድ ድረስ ሱቁን አልረገጡትም።