ሦስት ተራራ በትንሽ ወጪ

ልጆች በእረፍት ቀን «የት እንሂድ?» ሲሉ ወላጅ መጀመሪያ የሚዳብሰው ኪሱን ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ግን ተራራው ደጃፉ ላይ ነው።

ከደሴ በስተ ምዕራብ ጦሳ፣ በስተ ምሥራቅ አዝዋ ገደል አሉ። ከከተማው በእግር ስለሚወጣባቸው ለደሴ ልጅ የመኪና ሒሳብ የለባቸውም። ገንዘብ የሚጠይቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የጎፍ ነው። ስለዚህ ሦስቱን በሦስት ሳምንት ከፍሎ፣ የጎፍን መጨረሻ አድርጎ፣ የመሳፈሪያውን ቀስ በቀስ ማጠራቀም ይቻላል። ለኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

ስንቁ ከቤት ይሁን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ። ውሃው ለመጠጥም ለውዱእም እንዲበቃ ይታሰብ። ብርድ አለና ጋቢ አይረሳ። በክረምት መንገዱ ስለሚያዳልጥ ከመስከረም በኋላ ይመረጣል። የአካባቢውን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅም ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መዋጮው ይታሰብበት። አንድ ታማኝ ሰው ይሰብስብ፤ ማን ስንት እንደሰጠ አይነገር። የሌለው ልጅ «አሞኛል» ብሎ ቤት ከሚቀር፣ ያለው በዝምታ ቢሞላለት ይሻላል።

አላህ በሰላም አውጥቶ በሰላም ይመልሳችሁ።